አስታዋሹ

ከመድረኩ ወለል በታች፣ በሣንቃ ሣጥን ተከትቼ፣
ባትሪ በብብቴ ይዤ፣ ድርሰት በጉልበቴ ዘርግቼ፣
የሚሉትን ቀድሜ ስል፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሞላኝ፤
ፊታቸውን ማን ያያል? ጫማቸው ነው የሚበቃኝ።
የእሷ፦ ግራ ተረከዙ ያለቀ፣
ጠባሴ ባለው ሊስትሮ፣ ሦስቴ ተሰፍቶ የዘለቀ።

ድሮማ ማንያህልሻል ሲሏት፣ ስሟ ራሱ ሙግት ነበር፤
ከሸዋ ሮቢት ወበቅ፣ እስከ ጣርማ በር፣
ሹፌሩ ካሴቷን ገልብጦ ሲከት፣
ደብረ ሲና ቆሎ ሻጮች፣ መስኮት ሥር ቆመው ሲሰሙት፣
ስፍር ይጠፋቸው ነበር፤ ተሳፋሪም መልስ መቀበል።
ከካሴቱ ሽፋን ላይ፣ ጸጉሯ ክምር፣ ዓይኗ ኩል።
«እኔ» ብላ ስትዘፍን፣ እኔ ማለት እሷ ነበረች፤
ሌላ ማንንም አልሆነች።

ከዚያ ካሴት ቀረ። አሳታሚዋ ስልክ ጠጋኝ ሆነ።
ድምጿም ከላይ ከላዩ፣ እንደ አሮጌ ብርድ ልብስ መነመነ።
ሠርገኛው አልጠራም፤ ሆቴሉም «ኪቦርድ ይበቃናል» አለ፤
ስንት ዓመት እንዲሁ ዋለ።

በኅዳር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ውርጭ ሣሩን ጨው ባለበሰበት፣
«ለሙዚቃዊ ተውኔት…» የሚለውን የበራችንን ወረቀት
ገንጥላ ይዛ ገባች፣ ደብረ ብርሃን አዳራሽ።
አዘጋጁ ተክለየስ፣ ካሴቷ ሲወጣ ያልተወለደ፣
«እማማ፣ ከዚህ በፊት የት ሠርተዋል?» ሲላት፣ ልቤ ወረደ።
«የትም» አለች። «መጀመሬ ነው» አለች።
ስሟን በእርሳስ አስጻፈች፤ ከልጆቹ ኋላ ተሰለፈች።

መጀመሪያ የሰጧት፣ የፋብሪካ ፈታይ ሆና፣
ሁለት ስንኝ ብቻ። ቀሪው ሰዓት መቆም ነው፣ አፏን ከድና።
ይሄ ነው ለዘፋኝ መከራ!
በልምምድ ሰሞን ቀማች፤ የህዳትን ዜማ፣ አፏ ላይ ሳለ፣
ከጎን ነጠቀቻት። ልጅቷ አለቀሰች፤ ማንም ምንም አላለ።
ማንያህልሻል አላየችም።
(ወይም አይታለች። ከሥር ሆነው ይህ አይለይም።)

ዓመት ዓመትን ሲተካ፣ አማት ሆነች፣ ደግሞ ከሳሽ፣
አንዴም የመንዝ በርኖስ ደርባ፣ ሪዝ አጣብቃ፣ መሬት የሚካፈል ወራሽ።
ጫማዋ ተለዋወጠ፤ ኮንጎ፣ ሸራ፣ በረባሶ፤
ድምጿም ደረቷ ውስጥ ገባ፣ ከጉሮሮዋ ተመልሶ።
«ማን ያህልሻል?» ብሎ ቢጠይቃት አሁን ሰው፣
መልሱ ዝርዝር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ፣ በሦስተኛው ገቢር መሐል፣
ልጇ የሞተባት እናት፣ ሙሾዋን ልትጀምር ስትል፣
በረዶ ወረደ።
ኩንታል ባቄላ ከሰማይ፣ ቆርቆሮው ላይ ተዘረገፈ፤
ተመልካቹ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ አቀፈ።
ስንኟን ሹክ አልኳት፤ ጮኽኩ፤ ራሴን እንኳ አልሰማሁ፤
የድሮዋ ብትሆን፣ ከበረዶው ልትፎካከር እንደምትጮህ አውቃለሁ።
እሷ ግን ተቀመጠች።
አንዱን ጫማ አወለቀች።
ሌላውንም።
ከሣጥኔ አፍ፣ ከአፍንጫዬ ፊት፣ የትንሽ ልጅ ጫማ ይመስል፣
ጎን ለጎን አስተካክላ አኖረችው፣ ማሰሪያውን ወደ ውስጥ ስትጠቀልል።
ባዶ እግሯን ያን ቀን አየሁ፤ የአውራ ጣቷ ጥፍር ጥቁር ነው።

በረዶው ሲያባራ፣ ሙሾውን ህዳት ጀመረችው።
የእሷ ስንኝ አልነበረም፤ ድርሰቱን ገልጬ አየሁ፣ የለም።
ማንያህልሻል አልቀማችም፤ አልተከተለችም።
አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ እስኪያልቅ ድረስ ሰማች።
ስለተቀመጠች፣ ፊቷ ከፊቴ ትክክል ዋለ፤
ያ ፊት ካሴቱ ላይ የለም።

«ምን ነበር ያልከኝ በበረዶው?» አለች፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ።
«ስንኝሽን» አልኳት።
ሳቀች። ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣
«ለልጅቷ ስጣት» ብላ በጓሮው በር ሄደች፣
ጭቃው ላይ፣ በካልሲ።

ባትሪዬን መልሼ አበራሁ፤
ከገጹ ጠርዝ፣ በእርሳስ፣
«እዚህ ጋ፣ ጫማ» ብዬ ጻፍኩ።